ቀዩ በቀኝ

«ኧረ ተቃጠልኩ! ኧረ እጄን!»

ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ጎረቤት ከማጀት ስትጮኽ ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። አክስቷ በዓይኗ ገረፈቻት።

«የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ምን ያስገለፍጥሻል?»

«እቴቴ ሙች፣ ቀዝቃዛው በግራ ነው ብዬ ምላሴ አለቀ! ማን ይሰማኛል?»

የሰው ቤት ቧንቧ ሙቁን በግራ፣ ቀዝቃዛውን በቀኝ ያደርጋል። የእነሱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቧንቧ ሠሪው አባቷ ግራኝ ነበር። «እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ ነው፤ ቀዝቃዛው እዚያው ይጠብቀኝ» ብሎ የቤቱን መስመር አዟዟረው። ቤተሰቡ ለመደው፤ እንግዳ ግን በየተራው ይለበለባል።

ልጅቷ መቀመጫዋ እሾህ ሆነባት። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ብርጭቆ ሰበሰበች፣ በመጨረሻ ሹልክ ብላ ጓሮ ወዳለው የአባቷ መሥሪያ ክፍል ገባች።

አባቷ ሲያድሰው የነበረው ቧንቧ ጠረጴዛው ላይ ተኮፍሷል። አንገቱ እንደ ዳክዬ የተቆለመመ የጥንት የወጥ ቤት ቧንቧ ነው። አባቷ ከፈረሰ ቤት ሲያመጣው ዝገት ውጦት ስለነበር ልጅቷ «ይሄ ለቆሻሻ ገንዳ እንኳ ያሳፍራል» ብላው ነበር።

«አለቃዬ፣ ይልቅ ያን የጥርስ ብሩሽ አቀብዪኝ» አላት። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፈው፣ ፈተገው፣ ያረጀውን የላስቲክ ጎሚኒ ቀየረለት። ነሐሱ ብቅ ሲል እንደ ልጅ ጨፈረ። ሠፈር ውስጥ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ አይታው ወደደችው፤ «ያንቺ ነው» ብሎ ቃል ሰጣት።

ልጅቷ አሁን ጠጋ ብላ አየችው። በእጀታዎቹ አናት ላይ ያሉት ክብ ምልክቶች ተዛውረዋል፤ ቀዩ በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ። ለደንበኛ ሲሠራ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። የቤቱን ዓይነት ነው የሠራው፤ እጁ ሳያማክረው ለገዛ ማጀቱ ሠርቶታል።

«እኔ አልሸጠውም» አለች ጮክ ብላ።

«ምኑን?» አክስቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ዳቦ ጋጋሪዋ።

«እኔስ ለቅሶ ልደርስ እንጂ ለዕቃ አልመጣሁም» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን ደፍታ። ዓይኗ ግን ቧንቧው ላይ ተተክሏል። «ውይ፣ እንዴት አምሮበታል! ግን... ቀዩ በቀኝ ነው እንዴ? ልጆቼ ይቃጠሉብኛል።»

«ተሳስቶ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» አለች አክስት።

«አልተሳሳተም!» ልጅቷ ቧንቧውን እቅፏ ውስጥ ሸጎጠችው። «ለኛ ነው የሠራው።»

አክስቷ አልተቆጣችም። ይህ ደግሞ ለልጅቷ ከቁጣው ባሰባት። «የኔ እናት፣ ቃሉን የሰጠው ግን ለእሳቸው ነው።»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ላይ ካቻቪቴ አነሳች። ቀዩን ፈታች፣ ሰማያዊውን ፈታች፣ አዛወረቻቸው። በአባቷ ጨርቅ የጣቷን አሻራ ከነሐሱ ላይ ወልውላ ለዳቦ ጋጋሪዋ ሰጠቻት።

«እትዬ፣ አደራ፣ በሽቦ እንዳይፈትጉት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አክስቷ፣ «የማጀቱንም ሰው ጠርተን እናስተካክለው፤ ለቀስተኛውን ፈጀው እኮ» አለች።

«ማንም አይነካውም።»

«ታዲያ እንግዳው ሁሉ ይቀቀል?»

ልጅቷ ማጀት ገብታ እጅ መታጠቢያው አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆመች። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ሊታጠቡ ገብተው ወደ ቀኙ እጀታ ሲዘረጉ ቀደመቻቸው።

«ቆይ አባባ፣ እኔ ልክፈትልዎ።»

ቀኝ እጇን ከኋላዋ ደበቀችና፣ እንደ አባቷ ባልለመደው ግራ እጇ እየተደናበረች ቀዝቃዛውን ከፈተችላቸው።