ከምስማሩ የወረደው ቁልፍ

ሰው ፎቅ የሚገዛ ገንዘብ ካለው ለምን ይሰደዳል? ይሄን ጥያቄ ምድር ቤት ያለችውን ጸጉር ሠሪ ስንቴ ጠይቄያታለሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰው ነው የሚለው» ትለኛለች፤ ያ «ሰው» የሚባለው ደግሞ ራሷ ናት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ የሰዉን ራስ ስትከረክም ትውላለች፣ የእሷን አፍ የሚከረክምላት ግን አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖርበት ሕንፃ የድሮ ባለቤት ሞቱና ልጆቻቸው ሸጡት። ገዢው የውጭ ኩባንያ ነው ተባለ። ከየት አገር? የሚያውቅ የለም። ደረጃው ሥር በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ስም አለ፣ ግን የሰው ስም አይደለም። ኪራይ ጨመረ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ሕንፃው ሊታደስ ስለሆነ ተዘጋጁ» ተባለ። ሰው ሲናደድ የሚቆጣው ፊት ይፈልጋል። ባለቤቱ ፊት የለውም፤ እኔና ባሌ ግን ፊት አለን። ከዚያ ሁሉ ተከራይ መጤዎቹ እኛ ብቻ ነን። ስለዚህ ሕንፃውን የገዙት «የእናንተ ሰዎች» ሆኑ።

«የእኛ ሰዎች ይሄን ሁሉ ክፍል ሲገዙ ለእኛ አንዲት ጓዳ እንኳ አይጨምሩልንም?» አልኩት ባሌን።

ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነው። መጀመሪያ ስንመጣ ሰዉ ጠርጥሮን ነበር፤ በር መክፈት የሚችል መጤ ማን ይወዳል? ግን የተጣበቀ በር ሲያቃና፣ የዛገ ማጠፊያ ሲቀባ፣ ቀስ በቀስ ለመዱት። ከዚያማ «መለዋወጫ ቁልፌ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ» ማለት የሕንፃው ወግ ሆነ። ከበራችን ኋላ ጣውላ መትቶ ምስማር ደረደረበት፣ የጎረቤቱ ቁልፍ ሁሉ እዚያ ተንጠለጠለ። ቆሻሻ ልጣል ብሎ ወጥቶ በሩ የተዘጋበትም፣ ቁልፉን ታክሲ ውስጥ የጣለም ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

ከግድግዳችን ማዶ እማማ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ምላሳቸው ግን አልከዳቸውም። ሾርባ ስወስድላቸው ቀምሰው «ልጄ፣ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ እጅሽን የታጠብሽበት?» ይሉኛል፤ ከዚያ ሳህኑን ጠርገው ይጠጡታል። እናቴን ቀብሬ ነው አገሬን የለቀቅኩት። እሳቸው «ልጄ» ባሉኝ ቁጥር አንድ ጭልፋ እጨምርላቸዋለሁ።

ከላይ ፎቅ አንድ ጡረተኛ ብቻቸውን ሞተው ሰው ያወቀው ሽታው በደረጃው ሲወርድ ነው። የዚያን ቀን እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቤታችን መጡና ቁልፋቸውን በገዛ እጃቸው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

«ሞትን አልፈራም» አሉኝ። «በሩ እንደተቆለፈ መሞትን ነው የምፈራው። እጄን የሚይዝ ሰው ሳይገባ እንዳልሄድ አደራ።»

አደራ ከባድ ነው። ደንብ አወጣን። ጠዋት ሲነቁ ግድግዳውን በምርኩዝ ይመታሉ፣ እኔ በጭልፋ እመልሳለሁ። ካልመቱ ቁልፉን ይዤ እገባለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሏቸው አረፈዱ፣ እኔ ደግሞ ጸጉሬን ሳላስር ሮጬ ገባሁ። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «ልታለቅሺልኝ ነው? እንግዲያው ቆይተሽ ነይ፣ እንቅልፌን ልጨርስ» አሉኝ።

ወሬው ሲጀመር የኩባንያው ወኪል የሕንፃውን የውጭ በር ቁልፍ እንዲቀይር ባሌን ቀጠረው። ሥራ ነው፤ ማን ይጠላል? በሩ ሥር ተንበርክኮ ሲሠራ፣ ወኪሉም አጠገቡ ቆሞ ሲያወራው ጸጉር ሠሪዋ በመስኮቷ አየች። በቃ። ባልና ሚስቱ ለሚለቀቀው ለእያንዳንዱ ክፍል ይከፈላቸዋል ተባለ። እነዚህ ሰዎች አንዱ ከገባ ዘመዱን ሁሉ ይጎትታል፣ ቤታችንን ለወገኖቻቸው ሊያስረክቡ ነው ተባለ። የምጎትተው ዘመድ ቢኖረኝ የምሠራበትን ሆቴል አንሶላ ሁሉ ብቻዬን ስተኩስ እውል ነበር?

ጎረቤቱ ቁልፉን ሊወስድ አንድ በአንድ መጣ። አንዷ «እህቴ ልትመጣ ስለሆነ ነው» አለች። ላይ ቤት የሚኖረው ሹፌር «የኔው ጠፍቶብኝ» አለ፣ ቁልፉ እጁ ላይ እየተንሿሿ። ባሌ ለሁሉም «ችግር የለም» እያለ ሰጣቸው። ጣውላው ላይ የእማማ ቁልፍ ብቻ ቀረ።

በመጨረሻ የእማማ ልጅ መጣ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ይሄን መናገር አለብኝ። እናቱን ይወዳል፤ ከሩቅ ነው የሚወዳቸው እንጂ።

«የእናቴን ቁልፍ ፈልጌ ነበር» አለ ደጃፉ ላይ ቆሞ።

«ጠዋት ጠዋት ማን ሊያያቸው ነው?» አልኩት።

«ስልክ ገዝቼላታለሁ።»

«ስልክ እጅ ይይዛል?»

ባሌ ክንዴን ነካ አደረገኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ተዪው። እናቱ ናት» አለኝና ቁልፉን አውርዶ ሰጠው። ልጅየው ይህም አልበቃው ብሎ በማግስቱ ሌላ ቁልፍ ሠሪ አምጥቶ የበሩን ጋን፣ ቁልፉ የሚገባበትን ብረት፣ አስቀየረ። ባሌ ሲያልፍ አይቶት «አጣሞ ነው የገጠመው፣ ቁልፉ እየያዘ አልዞር ይላል» አለ።

እማማ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ዓይኔን ማየት አቃታቸው። «የወለዱትን እንቢ ማለት አይቻልም። አትቀየሚኝ» አሉኝ። ግድግዳውን መምታት ግን አልተዉም። እኔም መመለሴን አልተውኩም። ቁልፉ ቢወሰድም ግድግዳው የሁለታችን ነበር።

አንድ ጠዋት ዝም አሉ።

በጭልፋ መታሁ። ደግሜ መታሁ። ከቆይታ በኋላ መልስ መጣ፤ ግን ከወትሮው ቦታ አይደለም፣ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ ነው። ወጥቼ በራቸው ሥር ተደፋሁ።

«እማማ!»

«ልጄ፣ ወደቅኩ» አሉኝ ከውስጥ። «ደረቴን ተጫነኝ።»

ባሌ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ለእሱ ያ በር የደቂቃ ሥራ ነው። መሰርሰሪያውን እንዳስነሳ ጸጉር ሠሪዋ ከታች ወጣች፣ ሹፌሩ ከላይ ወረደ።

«በጠራራ ፀሐይ!» አለች። «የአሮጊት ቤት!»

«ወድቀዋል፣ ስሚያቸው፣ ጆሮሽን ጣይ!» እላታለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ሹፌሩ የባሌን ሁለት እጆች ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘ። ባሌ አልታገለም። በዚህ አገር የታገለ መጤ ምን እንደሚባል ያውቃል። «ያዙኝ፣ ግን እናንተ ክፈቱት» ብቻ ነበር የሚለው። ጸጉር ሠሪዋ ለልጅየው ደወለች። «በሩ እንዳይነካ፣ እየመጣሁ ነው» አለ፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ተሰማኝ። አምቡላንስም ጠራች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ፍርሃት እንጂ። እኔ ግን ያን ጊዜ ፍርሃቷን ከክፋት መለየት አልቻልኩም፣ አሁንም እየሞከርኩ ነው።

ጉንጬን ወለሉ ላይ ለጥፌ በበሩ ሥር አወራኋቸው። ስለ ሾርባው ቀለድኩባቸው። ሳቁ መሰለኝ።

«ቁልፉስ?» አሉኝ።

«እየመጣ ነው እማማ።»

«እጅሽን አምጪ።»

ጣቶቼን በበሩ ሥር አስገባሁ። ጫፋቸው ብቻ ገባ። እሳቸው ጋ አልደረሰም። ምርኩዛቸው ወለሉን ነካ ሲያደርግ ይሰማኛል፣ እኔም በጥፍሬ እመልሳለሁ። ምቱ እየደከመ እየዘገየ ሄደ። ከዚያ የምመታው እኔ ብቻ ቀረሁ።

አምቡላንሱ ሳይደርስ ልጅየው ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። ቁልፉን ከተተው፣ አልዞር አለ። ሞከረ፣ አሁንም ሞከረ፣ በመጨረሻ ዞሮ ባሌን አየው። ሹፌሩ እጁን ለቀቀ። ባሌ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን በጉልበቱ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገና በአንድ ዙር ከፈተው።

እማማ ተስበው በሩ አጠገብ ደርሰው ነበር። እጃቸው ወደ ደጁ ተዘርግቷል፣ ገና ይሞቃል። ያዝኩት። ለአደራዬ አልደረስኩም።

ከቀብሩ በኋላ ልጅየው ደጃችን መጥቶ ቆመ። «ምን አለች? የሰማሻት አንቺ ነበርሽ» አለኝ። «ቁልፉን ጠየቁ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፊቱን አየሁት። የእናቱ ዓይን ነው ያለው።

«‹ልጄ መጣ?› አሉ» አልኩት።

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ባሌ ወንበር አወጣለት።

ቤት ልቀቁ የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ለሁላችንም መጣ፤ ለጸጉር ሠሪዋም፣ ለሹፌሩም፣ ለእኛም። ጸጉር ሠሪዋ ወኪሉን ደረጃ ላይ ይዛ «ለመሆኑ ባለቤቱ ማን ነው?» አለችው። ወኪሉ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ሰፈሩም ከእኛ አይርቅም። «እኔም አይቼው አላውቅም እህቴ። የተባልኩትን ነው የምሠራው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናንተም ልትወጡ ነው?»

«ምን መስሎሽ ነበር?» አልኳት። ዓይኗን ከእኔ አንስታ ማስጠንቀቂያዋን ማጠፍ ጀመረች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም።

ዕቃችንን ማሰር ጀመርን። ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ሾርባ ሳማስል ግድግዳው ተመታ፤ ከወትሮው ቦታ፣ በወትሮው ሰዓት። ሳላስበው በጭልፋዬ መለስኩ።

ማዶ ያለው ድምፅ ቆመ።

ባሌ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። «ሠራተኞቹ ናቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሁለቱን ክፍል አንድ ሊያደርጉት ግድግዳውን እያፈረሱ ነው።»

አውቃለሁ። ግን ጭልፋውን ማስቀመጥ አቃተኝ። ማዶ ያለው ሰው ትንሽ ጠበቀ፣ ሌላ መልስ ሲያጣ መዶሻውን አነሳ።