ከአንድ ሺህ ሜትር በታች

አባቴ እጮኛዬን «እርስዎ» እያለ ሦስት ዓመት ከረመ። አክብሮት እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ልጁን ሊያገባ የመጣውን ጎልማሳ «እርስዎ» ካለው፣ በሩን በትህትና ዘጋበት ማለት ነው። ታላቁ እጁን ዘርግቶ «ከእንግዲህ አንተ እንባባል» እስኪል ድረስ ታናሹ ቆሞ ይጠብቃል። ከተባለ በኋላ ግን ሁለቱም አንተ ናቸው፤ ዕድሜ አይቆጠርም። እጮኛዬ ሀውከም ቆሞ እየጠበቀ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቃል ነው። አባቴ ኦስዋልድ ፕራንትነር ኦስትሪያ፣ ሊንዝ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ኬክ ቤት ነበረው። ስሙን ያስጠራው ሽትሩደሉ ነው፤ ሊጡን ከሥሩ ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ ያሳሳና ፖም፣ ዘቢብና ቀረፋ ይጠቀልልበታል። ሀውከን መጀመሪያ ቤት ያመጣሁት ቀን ያንን ጋገረለት። ሀውከ ጀርመናዊ፣ የሰሜን ባሕር ዳርቻ ልጅ ነው፤ በአገራቸው ትልቁ ተራራ ባሕሩ እንዳይገባ የተሠራው ግድብ ነው። ድርሻውን ጥርግ አድርጎ በላ፣ የቀረውን ስኳር በጣቱ ለቀመ፣ ከዚያ አባቴን ቀና ብሎ አየና «አይከፋም» አለው።

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። እናቴ ማንም ያልጠየቃትን መስኮት ልትከፍት ተነሳች።

«አይከፋም አለኝ!» እያለ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱን አመሰው። «አይከፋም የሚባለው ዝናብ ሲያባራ ነው!»

«አባዬ፣ በእነሱ አገር እኮ ምስጋና ነው» አልኩት፣ መቶ ጊዜ።

«ምስጋናቸው እንዲህ ከሆነ ስድባቸውን አያሰማኝ!»

መስከረም ላይ ሠርጋችን ነበር። አባቴ ደግሞ «እርስዎ ለምለው ሰው ልጄን በክንዴ ይዤ ቤተ ክርስቲያን አልገባም» ብሎ ማለ። ሲምል አይቀልድም። እኔም ያለ አባቴ ክንድ መግባት አልፈልግም። ግትርነቱ ያቃጥለኛል እንጂ እወደዋለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው።

መላ የመታችው እናቴ ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ «ጡረታ ስወጣ ሻንጣ በጀርባዬ አዝዬ በባቡር እየዞርኩ የሌሎቹን ጣፋጭ እቀምሳለሁ» ሲል ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ ለእሱ፣ ለእኔና ለሀውከ የሦስት ሰው ቲኬት ቆርጣ ሰጠችው። «አንድ ፉርጎ ውስጥ ተዘግተው እስከ መቼ ይኮራረፋሉ?» አለችኝ። እሷ ራሷ ግን አልመጣችም፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንላትን ቀን ስትናፍቅ ነው የኖረችው።

ምን ዋጋ አለው፣ አባቴ በፉርጎም በሜዳም መኮራረፍ ያውቅበታል። ቪየና ላይ የቸኮሌት ኬክ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ፣ ከዚያ የጋገረውን ሰው ከወጥ ቤት አስጠርቶ «ደርቆብዎታል» አለው። ወደ ሀውከ ዞረና «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አቶ ብሮደርሰን?» ሲለው፣ ሀውከ ሁለተኛውን ቁራጭ እየጎረሰ «አይከፋም» አለ። ሳልዝቡርግ ላይ የእንቁላል ነጭ በስኳር ተመትቶ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ የሚጋገረውን አዘዝን። «እርስዎስ?» «ይሄም አይከፋም።» በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ በሹክሹክታ። «አመሰገንኩ እኮ!»

«ጣፋጭ ነው በል! ጣፋጭ!»

«ምነው፣ ሰውዬውን ላሳፍረው?» አለኝ። ባሕር ዳርቻ ያደገ ሰው አፉን ሞልቶ ካሞገሰ ያሾፈ ይመስለዋል። የማንን አንገት እንደማንቅ ግራ ገባኝ። ኢንስብሩክ ላይ ርካሽ ማደሪያ ይዘን አባቴ ከተደራራቢው አልጋ ታችኛው፣ ሀውከ ላይኛው ላይ ሲተኙ እንኳ፣ ከታች «አቶ ብሮደርሰን፣ እባክዎ አይገላበጡብኝ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጣሊያን የሚሻገረው ባቡር ተራራውን መውጣት ጀመረ። አባቴ ከኪሱ የናስ የከፍታ መለኪያውን አወጣ። አባቱ የተራራ ወጪዎች መሪ ነበር፤ እሱ ያወረሰው ነው። አባቴ የተወለደው እዚያው አካባቢ ተራራ ላይ ነውና በባቡርም ቢሆን መርፌዋን ሳያይ ሽቅብ አይወጣም። ሀውከ በመስኮት ላሞች ያያል። እኔም ዳቦዬን እየበላሁ ነበር።

«አንተ» አለ አባቴ። «እስቲ ያን ሻንጣ አውርድልኝ።»

ሀውከ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገ። «እኔን ነው?»

«አንተን ነዋ! ግድግዳውን ልዘዝ?»

ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። መርፌዋን አየሁ፤ አንድ ሺህን አልፋለች። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እርስዎ የሚባል የለም፤ ዳኛ ሁን ላም ጠባቂ፣ ተራራ ላይ ሰው ሁሉ አንተ ነው። ሲወረድ ይቀራል፣ ማንም ለማንም አይቀየምም። ይህን ሕግ የተራራ ልጅ ከጡት ጋር ይጠባዋል። የግድብ ልጅ ግን ከየት ያውቀዋል?

ልነግረው አፌን ስከፍት ሀውከ ስልኩን አንስቶ ወደ መተላለፊያው ወጥቷል። «እማ!» ሲል ሰማሁት። «አንተ አለኝ! አዎ፣ አባቷ! አታልቅሺ እንጂ፣ እማ!» ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገረው?

ሲመለስ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል። አባቴም ተራራ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። ከሻንጣው የፕሪም አረቄና አንድ ቆርቆሮ አወጣ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ከቤት ለማወዳደሪያ ይዞት የመጣው የራሱ ሽትሩደል አለ። «ኦስዋልድ በለኝ» አለና ቀዳለት። ጠጡ። ልጅ ሳለ የቄሱን ክሬም ሰርቆ እንዴት እንደተገረፈ አጫወተው። ሀውከ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሦስት ዓመት የተመኘሁትን እያየሁ፣ ባቡሩ እዚያው ጫፍ ላይ በተበላሸ ብዬ ጸለይኩ። አልተበላሸም። ድንበሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ቁልቁል ወረደ።

«ስማ» አለው አባቴ። «አንተ ለአንተ ስለሆንን እውነቱን አውጣ። ሽትሩደሌ ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አይከፋም አልከኝ?»

ሀውከ ብርጭቆውን በእጁ አዟዟረ። «አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። እናቴን በሙሽራ ልብሷ ሲያያት ‹አይከፋም› አላት።»

«ሙሽራዋን?!»

«እሷም አለቀሰች።»

«ታልቅስ እንጂ!»

«በደስታ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አሞግሷት አያውቅም። እስከ ዛሬ ለጎረቤት ታወራዋለች።»

አባቴ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ በቢላው ትልቁን ቁራጭ ቆረጠ፣ ሊያቀብለውም እጁን ዘረጋ። ያኔ ዓይኑ የለመደችውን መርፌ አየች። አንድ ሺህን ወደ ታች አልፈናል።

«እንግዲህ ይቅመሱ፣ አቶ ብሮደርሰን» አለ።

«ምን አልክ፣ ኦስዋልድ?» አለ ሀውከ እየሳቀ፣ ጉልበቱንም መታ መታ አደረገው።

አባቴ ጉልበቱን ሰበሰበ። «እኔና እርስዎ አብረን አሳማ አልጠበቅንም።» ይህችን «በጣም አትቅረበኝ» ለማለት የምትነገር አባባል በእኛ አገር ሕፃን ሳይቀር ይላታል፤ ከአፉ የወጣችው እንደ ማስነጠስ ነው። ሀውከ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና የራሱን ሻንጣ አወረደ።

«ሀውከ፣ ከፍታው ነው!» አልኩት።

«የምን ከፍታ ነው የምታወሪው?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ቢከለክለኝ እችለዋለሁ፣ ችያለሁም። ሰጥቶ ሲነሳኝ ግን አልችልም፣ ቡርጊ። እናቴን ምን ልበላት?» ባቡሩ ፍራንዘንስፌስተ ጣቢያ ቆሞ ነበር። ወረደ።

«የት ነው የሚሄደው?» አለ አባቴ። «ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው።»

እኔ የእሱ ልጅ ነኝ፤ ስቆጣ ፉርጎው ሁሉ ይሰማል። «ሕጉን አያውቅም እኮ፣ አባዬ!»

«የቱን ሕግ?»

«የአንድ ሺህ ሜትሩን!»

«ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?»

«አገሩ ያለው ግድብ ነው፣ ግድብ! የምርህን መስሎት እናቱን ደውሎ አስለቀሳት! ሦስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ቃል አኮረፍክ፣ አሁን ደግሞ በአንድ ቃል ገደልከው! እሱ ከሄደ እኔም ወራጅ ነኝ፤ መስከረም ላይ ቆርቆሮህን በክንድህ ይዘህ ግባ!»

አባቴ እጁ ላይ የቀረውን ቁራጭ አየ። «እናቱን አስለቀስኩ?» አለ። «ስንት ላይ ነን?»

«በመስኮቱ እይ!» የጣቢያው ግድግዳ ላይ 747 ሜትር የሚል ተጽፏል። አይቶ እንደጨረሰ ተነሳ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ሻንጣው ጀርባው ላይ፣ ቆርቆሮው በብብቱ። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረሰና ግማሽ አካሉ ውጭ፣ ሻንጣው ውስጥ ሆኖ ተቀረቀረ።

«ሲኞር! ሲኞር!» እያለ ቲኬት ተቆጣጣሪው ፊሽካውን ነፋ።

«ሀውከ!» አለ አባቴ። «አንተ! አንተ የግድብ ልጅ!»

ጣቢያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሀውከ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት ያነባል። ትከሻው ግን እንደሰማ ያስታውቅበታል።

«ሲኞር፣ ባቡሩ ይሄዳል!»

«ይቁም!» አለው አባቴ ተቆጣጣሪውን፤ ወደ ሀውከም መለስ አለ። «ስማኝ! ከአንድ ሺህ በላይ አንተ የምለው ላሙንም ሰውንም ነው! አሁን ግን ታች ነኝ! ሰባት መቶ አርባ ሰባት ላይ ቆሜ ነው አንተ የምልህ! እዚህ ያልኩት እስከ ባሕር ድረስ ነው! እስከ ግድባችሁ ድረስ!»

ሀውከ ዞረ። ከቁጥሩ አንዱም እንዳልገባው ፊቱ ይናገራል። «እስከ ባሕር» የሚለው ግን ገብቶታል።

«ና ግባ፣ ልጄ» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወገቤ ሊቆረጥ ነው።»

ሀውከ መጥቶ ገፋው፣ እኔ ከውስጥ ጎተትኩት፣ ተቆጣጣሪው መሐል ሆኖ ተራገመ። ሦስታችንም መተላለፊያው ላይ ተደራርበን ወደቅንና ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሀውከ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ የአንድ ሺህ ሜትሩን ሕግ ነገርኩት። «ይሄን የሚያህል ነገር ሳትነግሪኝ!» ብሎ አፈጠጠብኝ፤ ሠርጉ ላይ እንኳ አልረሳውም።

በሩ ሲጫነው ቆርቆሮው ተጨፍልቋል። ውስጡ ሊጡ የት፣ ፖሙ የት እንደሆነ አይለይም። አባቴ ከፍቶ አየው፣ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ በሁለት እጁ አቀረበለት።

ሀውከ በጣቱ እየዛቀ በላ። ዘቢቡን ከጥግ ለቀመ፣ ክዳኑ ላይ የቀረውንም ጠረገ። አባቴ ከንፈሩን እያየ ይጠብቃል። ተቆጣጣሪው ሳይቀር የቅጣት ደረሰኙን ይዞ ቆመ።

«አይከፋም» አለ ሀውከ።

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። በእጅጌው ዓይኑን ሁለት ጊዜ ጠረገ፣ ከዚያ ክንዴን ያዘኝ።

«ሰማሽ፣ ቡርጊ?» አለኝ። «አይከፋም አለኝ!»

ስልኬን ከእጄ ቀምቶ እናቴ ጋ ደወለ።