ከመስታወቱ ወዲህ

ፎቶ ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ካሜራው ግን ሁልጊዜ በእሷ እጅ ነው። ጠዋት መብራቶቹን ታበራለች፣ ነጩን መጋረጃ ታወርዳለች፣ ከዚያ እስኪመሽ «ቀና ይበሉ፣ ትከሻዎን ዝቅ፣ አይርገብገቡ» ስትል ትውላለች። የምታነሳው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ያነሳችው ሰው ሁሉ የተቆጣ ይመስላል። ወንድሟ «ለመታወቂያ የሚስቅ ማን አለ?» ይላታል። እሷን ግን ሥራው አንገሽግሿታል።

አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ገባች። ሽማግሌው የጡረታ መታወቂያቸውን ሊያሳድሱ ነው የመጡት። ዓይናቸው ደመና ለብሷል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። ፎቶ አንሺዋ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸውና «አንዴ ቀና ይበሉልኝ፣ ጋሼ» ስትላቸው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በዚች 'አንዴ' ስንቱን ሰው አሰልችቻለሁ መሰለሽ!»

ልጃቸው ነገሩን አስረዳቻት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካሜራ አንግተው መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። አላፊ አግዳሚውን «አንዴ! አንዴ ብቻ!» እያሉ ስለሚያቆሙ ሰፈሩ «ጋሽ አንዴ» የሚል ስም አወጣላቸው።

«ፎቶዎቹ አሉ?» አለች ፎቶ አንሺዋ።

«ሻንጣ ሙሉ!» አለች ልጃቸው። «አልጋው ሥር ናቸው። ቤት ስጠርግ ወገቤን የሚቆርጡኝ እነሱ ናቸው።»

«መጥቼ ማየት እችላለሁ?»

«ትችያለሽ» አሉ ጋሽ አንዴ። «ግን የምታይው ለሁለታችን ነው። ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። ይቺን ልጄን ስጠይቃት 'ሰውዬ ቆሟል' ብላ ታልፈኛለች።»

«ቆሞ ከሆነስ ምን ልበል፣ አባዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ፎቶ አንሺዋ በዕረፍት ቀኗ ቤታቸው ሄደች። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን ታንቀጠቅጣለች፤ ጋሽ አንዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳዋ ሻንጣውን ከፍታ የመጀመሪያውን ፎቶ አወጣች።

«ዝናብ ነው። ሰዎች ይሮጣሉ።»

«ሁሉም?»

ደግማ አየች። «አይ። አንዲት ሴት አትሮጥም። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። እየሳቀች ነው።»

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየመቱ። «እሷን ብዬ ነው ያነሳሁት። አለችልኝ ማለት ነው!»

ከዚያ ወዲያ በየዕረፍት ቀኗ መመላለስ ያዘች። ጮክ ብላ ለመናገር ስትል ድሮ የምትዘለውን ሁሉ ማየት ለመደች፤ የተፈታ የጫማ ክር፣ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሦስተኛው የሚያይበትን አቅጣጫ። ልቧ ተነሳሳ። ካሜራዋን ይዛ መንገድ ወጣች፤ ዝናብ ጠብቃም አነሳች። ያነሳችውን ይዛ እየበረረች መጣች።

«ዝናብ ነው፣ ጋሼ። ሰው ሁሉ ይሮጣል። አንድ ሰውዬ ግን ቆሞ…»

«ይሄንን ነግረሽኛል እኮ።»

«ኧረ ይሄ የኔ ነው! ትናንት ያነሳሁት።»

«ካሜራው ያንቺ ይሆናል። ፎቶው ግን የኔ ነው።»

«አባዬ! ሰው እንዲህ ይባላል?» አለች ልጃቸው መኪናዋን አቁማ።

«ታዲያ ልዋሻት?»

ፎቶ አንሺዋ እንደምንም ፈገግ ብላ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ሆድ ባሳት። «ድሮም ለጉርድ ፎቶ ነው የተፈጠርኩት» አለች ለራሷ። ለብዙ ጊዜም ወደዚያ ቤት ዝር ሳትል ቀረች።

አንድ ረፋድ ላይ ደንበኛ ጠፍቶ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች። የፎቶ ቤቱ ትልቅ መስታወት ከውስጥ መንገዱን ያሳያል፤ ከውጭ ላለ ሰው ግን የራሱን መልክ ነው የሚያሳየው። ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ኮሌታውን ያቃናል፣ ጥርሱን ያያል። ለዓመታት ስታየው ኖራ አይታው አታውቅም። የዚያን ቀን ሰፊ ኮት የለበሰ፣ ፋይል በብብቱ የያዘ ወጣት መጥቶ ቆመ። ፈገግ አለ። አልወደደውም መሰል፣ ደግሞ ፈገግ አለ። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሶ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ጣል አደረገ።

ካሜራዋን ብድግ አድርጋ አነሳችው። ወዲያው ደግሞ ኅሊናዋ ጎሸማትና ተከትላው ወጣች።

«ይቅርታ» አላት ደንግጦ፤ «መስታወቱን አቆሸሽኩት?»

«ኧረ ይቅርታ የምጠይቀውስ እኔ ነኝ! ሳላስፈቅድህ አነሳሁህ። ይኸው እየው፤ ካልፈለግከው አጠፋዋለሁ።»

ልጁ ለረጅም ጊዜ አየው። «ለሥራ ልጠየቅ እየሄድኩ ነው። ይሄን ያህል ፈርቻለሁ እንዴ?»

«ማን ያልፈራ አለ ብለህ ነው?»

ሳቀ። «አታጥፊው። ግን የቱ ፈገግታ ይሻላል?»

«አሁን የሳቅከው።»

በዕረፍት ቀኗ ወደ ጋሽ አንዴ ቤት ሄደች። ሽማግሌው የቀረችበትን ምክንያት አልጠየቋትም። እሷም የወጣቱን ግንባር፣ ትንፋሹ መስታወቱ ላይ የሠራውን ጉም፣ ከኋላው የምታልፈውን እናትና ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ወጣቱን የሚያየውን ሕፃን ነገረቻቸው። የስፌት መኪናው ቆመ።

«እኔ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰው ሁሉ ያየኝና ይለወጥብኝ ነበር» አሉ ጋሽ አንዴ። «ከውስጥ ሆኖ መጠበቅ አንድም ቀን አልታሰበኝም። ይህቺ ያንቺ ናት።»

እሷ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳል?»

«ማን አለቀሰ?»

«የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ሰውን በመስታወቱ አሻግራ ማንሳት ስታዘወትር ወንድሟ መጀመሪያ «ፎቶ ቤት ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ?» እያለ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ከበሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ለቀቀላት። የፈቀዱላት ሰዎች ፎቶ እዚያ ተሰቀለ፤ አንዳንዱ ዘመዱን ጎትቶ መጥቶ ራሱን ያሳያል። ልብስ ሰፊዋ የተሰፋ ልብስ ለማድረስ በወጣች ቁጥር አባቷን እዚያ ታደርሳቸዋለች። ጋሽ አንዴ ከጠረጴዛው ኋላ ከፎቶ አንሺዋ ጎን ይቀመጣሉ።

«አሁን ማን አለ?»

«ሁለት እህትማማቾች። ታላቅየዋ የታናሿን ፀጉር ታስተካክላለች። እየተጨቃጨቁ ነው።»

«በምን?»

«በመስታወት ይሰማል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ውጪና ጠይቂያቸው።»

ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ወጣች።