ከውኃ የምትነሣው ጀልባ

በዚያ ክረምት ሀብተ ሥላሴን የማያናድደው ነገር አልነበረም። ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለ ሩስያዊው አሠልጣኝ ያስተማረውን ይዞ፣ ከቀላሉ የቆርች እንጨት አንዲት የእሽቅድምድም ጀልባ ሠርቷል። ርዝመቷ ክንድ አይሞላም፤ ሞተሯ ኤተር፣ ላምባና የጉሎ ዘይት ይጠጣል፤ መሪዋን ከዳር ቆሞ በሬዲዮ ያዛል። ኤተሩን ለማግኘት የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ደጅ ሦስት ሳምንት ጠንቷል። መጋዝ ሊዋስ በሄደ ቁጥር ደግሞ ወይ ሚካኤል ነው፣ ወይ ኪዳነ ምሕረት፣ ወይ ማርያም። አባቱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ላሊበላ የሥራ ቀን የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም!" ይል ነበር።

ከሁሉም የባሰው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አራጋው ነው። "ጠላት የሚገባው በሬዲዮ ነው፤ ሁለት ማስተላለፊያ አይፈቀድም" ብሎ ቁጭ አለ። ሁለተኛው የአባስ ነው፤ አባስ የኩልመስክ መካኒክና የሀብተ ሥላሴ የምጽዋ ባልንጀራ ሲሆን፣ በየዓመቱ በሚያደርጉት የጀልባ እሽቅድምድም ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈውም እሱ ነው። በአብዮት በዓል ማግስት ብልባላ ኩሬ ላይ በየተራ ይሽቀዳደሙ፣ ያሸነፈ ሬዲዮውን ይያዝ፣ የተሸነፈ ያስረክብ ተባለ። ሀብተ ሥላሴ ያለዚያ ሬዲዮ አንድ የእጅ ሥራ መምህር ነው። ከባሕሩ የተረፈው ያ ሬዲዮ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ግን ተስፋ ነበረው። አዲሲቱ ጀልባ ፍጥነት ስትይዝ ሆዷ ከውኃው ይነሣል፤ በሁለት ጎኗና በጅራቷ ብቻ እየነካካች ትበርራለች። ምሥጢሩ ቅለት ነው። ለዚህ ሲል ቀለም እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ቀባት፤ አራጋው ካልተለጠፈ ያለውንም የቆርቆሮ ኮከብ በብሩሽ ሥሎ ተገላገለ። በሙከራዋ ቀን ስትነሣ ያዩዋት አባቱ አማተቡና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የውድድሩ ዕለት እስከ ብልባላ ድረስ ቄሱ ጀልባዋን በነጠላቸው ጠቅልለው ተሸከሟት። "አንተ ሬዲዮህን ያዝ" እያሉ ለማንም አልሰጡም። ሞተሩን ሲያስነሣም እሳቸው ይዘውለት፣ ውኃው ላይም እሳቸው አኖሯት።

አባስ ሦስቱን ዙር በሃምሳ አንድ ሰከንድ ጨርሷል። የሀብተ ሥላሴ ሞተር ጮኸ፣ አጓራ፤ ጀልባዋ ግን ጭነት እንደበዛባት አህያ ሆዷን ውኃው ውስጥ ዘፍዝፋ ተጎተተች።

"ተነሽ! ኧረ ተነሽ አንቺ የተረገምሽ!"

አልተነሣችም። ስልሳ ሦስት ሰከንድ።

ከውኃው ሲያወጣት ክብደቷ ክንዱን ሳበው። ክዳኗን ነቅሎ ሲያይ፣ በጥጥ የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ የብረት መስቀል አገኘ። ግማሽ ኪሎ አያንስም።

"አባባ! ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኛ ልጄ!" አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። "ያን ቀን ከውኃው ብድግ ስትል በዓይኔ አየኋት። ክንፍ የላት፣ ነፋስ የለ፤ ታዲያ ያነሣት ማነው? ልጄ ተይዟል ብዬ ሱባዔ ገባሁ። እህል ከቀመስሁ ሰባት ቀኔ ነው። ዛሬ ግን አየሃት? ሦስት ዙር ሙሉ አንዴም አልተነሣች! ለቀቀህ እኮ!"

አባስ ፊቱን አዞረ። አራጋው እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

ሀብተ ሥላሴ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። በድሬሰሩ፣ በአራጋው፣ ከሁሉ በላይ በእኚህ ሽማግሌ ተቃጥሏል። ግን አንገታቸው በሰባት ቀን መመንመኑን አሁን ገና አየው። ቄሱ መስቀሉን ከጥጡ አውጥተው ወደ ከንፈሩ አስጠጉለት።

ሬዲዮውን ለአራጋው አቀበለና አጎንብሶ ተሳለመ። አባቱ በደስታ ያለቅሱ ነበር።