ካርዱ ኬፕታውን፣ ልጅቷ እኔ ጋ

ካርዱ ኬፕታውን ነው፤ ልጅቷ እኔ ጋ ናት። መንግሥት ለድሃ ልጆች በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ በታናሽ እህቴ በአሳንዳ ስም ይገባል፣ እሷም እዚያው በካርዱ አውጥታ ትበላዋለች። ልጇ ሊታ ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ ሊቦዴ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እኔ ቤት ናት። የምትበላው እዚህ፣ የምትታመመው እዚህ፣ ጫማ የሚጠባት እዚህ። ትምህርት ቤት በር ላይ ማግዊንያ የሚባለውን የሊጥ ጥብስ እየሸጥኩ በማገኛት ሳንቲም ነው ያሳደግኳት። አሳንዳ የምትልክልን ፎቶ ብቻ ነው፣ ያውም የራሷን። አዲስ ሹሩባ፣ አዲስ ጥፍር። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ አንጀቴ አረረና ገንዘቡን የሚከፍለው ቢሮ ሄድኩ። ሰልፉ አድርቆኝ መስኮቱ ጋ ስደርስ ያለው ጎረምሳ ቀና ብሎም አላየኝም።

"ለልጅቷ ምኗ ነሽ?"

"ማምኩሉዋ ነኝ። ትልቋ እናቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህት።"

"አክስት" ብሎ ጻፈ።

"አክስትማ በእኛ ወግ የአባቷ እህት ናት! እሷን ደግሞ በዓይኔም አይቻት አላውቅ።"

"እናቴ፣ ወጉን እኔም አውቀዋለሁ። ኮምፒውተሩ ነው የማያውቀው" አለኝ። ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ገንዘቡ የሚከተለው ልጅቷን ነው፤ ከማን ጋር እንደምትኖር ይጣራል፤ እስኪጣራ ክፍያው ይታገዳል፣ ለእናትየውም በስልኳ መልእክት ይደርሳታል።

"ይድረሳት!" አልኩት። እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የሊታን ካልሲ ሳሰጣ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። አሳንዳ ወረደች። ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ አድራ ፊቷ አባብጧል። ሹፌሩን ሞተር እንዳታጠፋ አለችው።

"ኖዙኮ!"

ለታላቅ እህት ሲሲ ማለት ቀረ። ታላቋን በባዶ ስም!

"ሰላምታ ኬፕታውን ተወደደ እንዴ?" አልኳት።

"አንቺ ምቀኛ! የእናትሽን ልጅ ለመንግሥት ትከሺያለሽ?"

"ታዲያ ልጅሽ ምን ትብላ? ጥፍርሽን?"

"ጥፍሬን ተይልኝ! ሰው ጓሮ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ያ ገንዘብ የቤት ኪራዬ ነው።"

"የሊታ ነው! ኪራይሽን ሰርተሽ ክፈይ!"

ጎረቤቴ ማራዴቤ አጥሯ ላይ ተደግፋ ትሰማለች። እንድትሰማ ብዬ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት። አሳንዳም ድምፅ አላነሳትም።

"አንቺማ ማህፀንሽ እምቢ ሲልሽ የኔን ፍሬ ልትወርሺ ተነሳሽ። መካን!"

"ኧረ በልጅቷ ፊት!" አለች ማራዴቤ።

ሊታ በሩን ይዛ ቆማለች። አሳንዳ በአጠገቧ አልፋ ገባችና የልጅቷን ልብስ ፌስታል ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ደውዬ ጠይቄያለሁ። ገንዘቡ ልጅቷን ነው የሚከተለው አሉኝ። ታዲያ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ።"

ይሄ በሐሳቤም አልመጣ። ካርዱ ወደ ልጅቷ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ልጅቷ ወደ ካርዱ ትሄዳለች ብዬ መች ጠረጠርኩ? ምላሴ ግን አሁንም ቁጣውን አልተወም።

"ማን ሊይዝልሽ ነው? ስትወጪ በላይዋ ልትቆልፊባት ነው?"

"ምን አገባሽ?"

"ውሰጃታ! ሳምንት ሳይሞላ መልሰሽ ታመጫታለሽ!"

ወሰደቻት። በክንዷ እየጎተተች ግቢውን አቋረጠች። ሊታ አላለቀሰችም፤ አንገቷን አዙራ እኔን ብቻ ታያለች።

"ማምኩሉ፣ ምን አጠፋሁ?"

አሳንዳ ታክሲው ውስጥ ወርውራ አስገባቻትና ልትከተል እግሯን አነሳች። ያን ጊዜ ሮጥኩ። በማራዴቤ ፊት፣ በሹፌሩ ፊት፣ በመንገደኛው ሁሉ ፊት የእህቴን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ።

"ካርዱን ያዢው። ሰኞ ሄጄ ተሳስቼ ነው እላቸዋለሁ። ተንበርከኪ ካልሽኝም እንበረከካለሁ። ልጅቷን ብቻ ተይልኝ።"

አሳንዳ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የምትራራ መስሎኝ ነበር።

"እንዲህ ከሆነማ" አለች ዝግ ብላ፣ "ማግዊንያው ገበያ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። በየወሩ ከዚያም ትልኪልኛለሽ።"

ማራዴቤ ምራቋን ትፍ አለች።

"እሺ" አልኩ። ጠላኋት። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ጠላኋት።

ሊታን አውርዳ ፌስታሉን እግሯ ሥር ወረወረችላትና ገባች። ልጇን አልሳመችም። እኔም ደህና ግቢ አላልኳትም። ታክሲው ሄደ፣ ማራዴቤም ድስቷ አርሮባት ይሁን አፍራልኝ አላውቅም፣ ከአጥሯ ላይ ጠፋች።

ሊታ ፌስታሉን በሁለት እጇ አቅፋ ቀና ብላ አየችኝ።

"ማምኩሉ፣ ታረቃችሁ?"

"አዎ" አልኳት፣ "ታረቅን።"