ሂሳብ ሹም ለመቅጠር የተተከለ ድንኳን

የእድራችን ሂሳብ ሹም ባለቤቴ ነበር። ካረፈ በኋላ ቦታው ከዓመት በላይ ክፍት ቆየ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የምጽፈው ቦታው እንዴት እንደተሞላ ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ፍሰሐ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው። ደመወዙን ተዉት እንጂ መመሪያውን አልተዉትም። ሌላ እድር ቢሆን አንድ ታማኝ ሰው ተጠቁሞ፣ ተጨብጭቦለት፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን «ግልጽ ውድድር፣ በፈተና» አሉ። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ማስታወቂያውን አዘጋጀሁ፦ የትምህርት ደረጃ፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት። ክፍያው የሚያኮራ ስላልነበረ «በስምምነት» ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ ያነበበችው ጓሮዬ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ኢፍቱ ናት። አካውንቲንግ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዝናብም ይሁን ፀሐይ በየቀኑ የአሰላን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ ዞራ ትመለሳለች።

«ቲቸር፣ ይቺን ማስታወቂያ ዝቅ አድርገው ይለጥፏት» አለችኝ። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ።

«ለምን?»

«ዜሮ ዓመት ትላለች። ሌላው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ አምጡ ነው የሚለው። ልምድ የሚሰጥ ቤት ደግሞ ልምድ የሌለው አያስገባም። ማኅተም ያለበት የልምድ ደብዳቤ የሚሰጥ እንደሆነ ከተሰማ ጎባም ቢሆን ሰው ይመጣል።»

«እድር እኮ ነው፣ ኢፍቱ።»

«እድር ማኅተም የለውም?»

አለው። ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች አሉበት።

ለኢፍቱ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቷ አቶ ሀሰኖ ሮቤ ላይ ገብስና ስንዴ ይነግዳሉ። በየሳምንቱ እየደወሉ «የጎረቤት ልጅ ነርስ ሆና ተቀጠረች፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሯት። በፈተናው ዕለት ራሳቸው ይመጣሉ። ካለፈች ትቀራለች፤ ካላለፈች ፍራሿን ጠቅልላ አብራቸው ሮቤ ትገባለች። እዚያም ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ የጆንያ አፍ ስትሰፋ ትኖራለች። ፍራሿን ከወዲሁ ጠቅልላው ነበር። እድሌን እንዳልፈታተን ነው አለችኝ።

ማስታወቂያውን አንድ ሰው በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት ከሁሩታ፣ ከጢቾ፣ ከሮቤ የመጡ ተመራቂዎች አጥሩን ተከትለው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰልፈዋል። ሁሉም የምረቃ ልብሱን ለብሷል፤ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕ። ሐምሌ ስለሆነ ዝናቡም አብሯቸው ተሰልፏል።

የቀበሌው አዳራሽ ማዳበሪያ ተከምሮበታል። አቶ ፍሰሐ ሰልፉን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ግቢሽ ሰፊ ነው» አሉኝ።

«የእድሩ ድንኳን ይበቃል» አልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ግቢዬ ውስጥ የተተከለው መቼ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ አልተነጋገርንበትም።

ቀጥለው የፈተናውን ምስጢር አጠበቁ። ተፈታኙ ስለበዛ እሳቸው ተጨማሪ ቅጂ ለማስባዛት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊሄዱ ሆነ። እኔ የተዘጋጀውን ጥያቄ ይዤ ቤት ውስጥ እንድቀመጥ፣ ማንም እንዳያነጋግረኝ፣ እኔም እንዳልወጣ አዘዙ። በሩን እንዲጠብቁ የእድሩን ዕቃ ጠባቂ ኦቦ ሊበንን አቆሙ።

«ከእኔ በቀር ማንም አይገባም። ስለ ፈተናው ደግሞ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።»

«እሺ፣ ዳኛ» አሉ ኦቦ ሊበን። ኦቦ ሊበን የታዘዙትን ሳያጎድሉ የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ችግሩ የእድራችን ደንብ ድንኳን ከዕቃ ቤት ሲወጣ ጡሩንባ ይነፋል ማለቱ ነው። ደንቡ ለምን እንደወጣ አይገልጽም። ድንኳኑ ወጣ፤ ስለዚህ ኦቦ ሊበን ጡሩንባቸውን አንስተው ሰፈሩን ዞሩ። እንደ ወትሮው ቢሆን ከነፉ በኋላ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ዛሬ ሟች የለም፤ ስለ ፈተናው መናገር ደግሞ ተከልክለዋል። ስለዚህ ነፍተው ዝም አሉ፤ ነፍተው ዝም አሉ፤ ከዚያ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

ሰፈሩ ከዚህ በፊት ስም የሌለው ጡሩንባ ሰምቶ አያውቅም። ለመናገር የሚከብድ ሞት ነው ተባለ።

ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መምጣት ጀመረ። ድንኳኑ እኔ ግቢ ነው። ውስጡ ጥቁር የለበሱ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ እርስ በርሳቸው አያወሩም፤ አንዳንዶቹ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ የዴቢትና የክሬዲትን ሕግ ይደግማሉ። ከውጭ ላየው ጸሎት ይመስላል። በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ስሙ ቀስ ብሎ ከጎን ካለ ሰው ይሰማል። ከጎን ያሉት ግን ከጢቾ የመጡ ናቸው።

ሁሉንም በመስኮት እሰማ ነበር።

«አይዟችሁ ልጆቼ» አለች አንዲት እናት።

«እናመሰግናለን፣ እማማ» አለ አንዱ ተፈታኝ።

«ከየት መጣችሁ?»

«እኔ ከሁሩታ። እሱ ከጢቾ።»

«ይህን ያህል መንገድ! በጣም ብትወዷት ነው።»

ተፈታኙ ሴትዮዋ ስለሚወዳደሩበት ሥራ የምታወራ መሰለው። «ምን እናድርግ፣ እማማ፤ ሌላ የለንም» አላት። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ልጁ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ለእኛ እኮ ነው የሚያለቅሱት» አለው።

«ይገባናል» አለ ጓደኛው።

ከዚያ እትዬ አሰፋች ደረሱ። እትዬ አሰፋች ከወንዝ ማዶ ያለው እድር ዳኛ ናቸው። እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው በደንብ አልሞተም ይባላል። በቀጥታ ወደ በሬ መጡ።

«ሊበን፣ እታገኘሁ የት አለች?»

«ውስጥ ናቸው።»

«ልያት።»

«አይቻልም። ከአቶ ፍሰሐ በቀር ማንም እንዳያያቸው ታዟል።»

እትዬ አሰፋች የበሩን መቃን ያዙ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

«ከጠዋት ጀምሮ። እሳቸውም መውጣት አይችሉም።»

ኦቦ ሊበን አንድም ውሸት አልተናገሩም። በመስኮት «እትዬ አሰፋች፣ አለሁ» አልኩ፤ ግን የዝናቡና የቆርቆሮው ድምፅ ዋጠኝ። እሳቸውም ደረታቸውን እየመቱ ወደ ድንኳኑ ገብተዋል። በዚህ ዓይነት የራሴን ለቅሶ፣ የፈተና ወረቀት ታቅፌ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ።

ብዙ አሉ። የተማርኩ መሆኔን፣ ግቢዬ ንጹሕ መሆኑን፣ ጎመኔን ከሰው በፊት መዝራቴን። ከዚያ ግጥም ጀመሩ፦

ጨው ብትበደሪ በማግስቱ መላሽ፣
ሰው አይስማሽ እንጂ ለብቻሽ አልቃሽ።

ይህን ከየት እንዳገኙት አላውቅም። የቤቴ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ድምፅ አያሳልፍም ብዬ አምን ነበር።

ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ኢፍቱ ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ ልክ በእኔ ትይዩ ተቀምጣለች። እጄን አወዛወዝኩላት፤ ንገሪያቸው ለማለት ነው። አየችኝ። ከዚያ ከፈታኝ ጋር ምልክት መለዋወጥ እንደሚያሰርዝ ትዝ አላትና ቶሎ ፊቷን አዞረች። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች ነበር፤ መኖሬን እያወቀች፣ በዓይኗ አይታኝ። እትዬ አሰፋች ይህን አስተዋሉ። ሻሻቸውን ወረወሩላት።

በዚህ መሐል አቶ ሀሰኖ ከሮቤ ደረሱ። ከሚኒባስ እንደወረዱ ጡሩንባው እንደተነፋ ሰምተዋል። ግቢውን ሲያዩ የልጃቸው አከራይ ማረፏን አመኑ። «ኢና ሊላሂ» ብለው ጫማቸውን አራግፈው ከወንዶቹ ጎን ተቀመጡ። ከሮቤ ሲነሡ ልጃቸውን ሊወስዱ አስበው ነበር፤ ለቅሶ ላይ ግን ስለ ፍራሽ አይወራም። አጠገባቸው አንድ ጎልማሳ ተፈታኝ አለ።

«ዘመድ ነህ?» አሉት በኦሮምኛ።

«አይ፣ አካውንታንት ነኝ።»

«አላህ ይርዳህ። ያኛውስ?»

«አካውንታንት ነው።»

አቶ ሀሰኖ ወደ ኋላ ዞረው አግዳሚዎቹን አዩ። «እነዚያስ?»

«እነሱም። ቦታ አጥተው ከድንኳኑ ውጭ የቆሙም አሉ።»

«ሥራ ያላችሁ?»

«ሥራ ቢኖረን እዚህ ምን እናደርጋለን?»

አቶ ሀሰኖ ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። ለሁለት ዓመት በልባቸው የያዙት፣ ሥራ ያጣች ብቸኛዋ ተመራቂ የእሳቸው ልጅ መሆኗን ነበር። እንግዲህ ከሮቤ ገበያ የሚበዛ ሰው፣ ሁሉም ያንኑ ትምህርት የተማረ፣ ሁሉም ጫማው በጭቃ የተለወሰ፣ ፊታቸው ተቀምጧል።

«እንግዲያ ለቅሶው እውነት ነው» አሉ።

አቶ ፍሰሐ ቅጂውን በላስቲክ ጠቅልለው ሲመለሱ ግቢው ንፍሮ ይታደላል። ለቀስተኛ መጥቶ ባዶ አፉን አይሸኝምና ጎረቤት ድስቱን ጥዶ ነበር። በሬን አስከፍተው ገቡ፤ ሲወጡ እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። እትዬ አሰፋች ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አለሽ እንዴ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«አንድ ቃል ብትይ ምን ነበረበት?»

«ጮኼ ነበር።»

«አንቺ ጮኸሽ?» አሉ፤ ከመሞቴ ይልቅ ይህ ነው ያላመኑት። ቢሆንም ጉንጬን ስመው የተቀመጡበት ተመልሰው ንፍሯቸውን ጨረሱ። ማንም አልተነሳም። ዝናቡ አላቆመም፤ ደግሞም ሰው ምን እንደሚፈተን ለማየት ጓጓ። ፈተናው የተሰጠው ለቀስተኛ በግራ፣ ተፈታኝ በቀኝ ተቀምጦ ነው። አንድ ሽማግሌ ከግራ በኩል መልስ ሲያሾልኩ ተይዘው ከድንኳኑ ወጥተዋል። መልሱም ትክክል አልነበረም።

ወረቀቱን ያረሙት አቶ ፍሰሐ ናቸው፤ ተከራዬ ስለምትፈተን እኔ ራሴን አገለልኩ። አንደኛ የወጣው ቢሊሱማ የሚባል የሁሩታ ልጅ ነው። ኢፍቱ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ሰው ሦስተኛ መውጣት ቀላል አይደለም፤ ቦታው ግን አንድ ነው። ኢፍቱ ውጤቱን ሰምታ ፍራሿን ልታመጣ ወደ ጓሮ ሄደች።

አቶ ሀሰኖ ተከትለዋት ሄዱና ፍራሹን ከእጇ ተቀበሏት። ሊሸከሙላት መስሎኝ ነበር። መልሰው አልጋዋ ላይ ዘረጉት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ። «ልጄ ብቻ ናት ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ ጆንያ ማሰፋት አልችልም።»

«አባ፣ ሌላውን አይደለም፤ እኔን ነው ሊወስዱ የመጡት።»

«አውቃለሁ። ግን አሁን ማንን ልቆጣ?»

እዚያው ቆመው ሳሉ እትዬ አሰፋች ከኋላቸው ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ሆነው አንድ ነገር ሲያብላሉ እንደነበር ያስታውቃሉ። የእነሱ እድር ከእኛ እድር ጋር የቆየ ፉክክር አለው። እኛ ስኒ ስንገዛ እነሱ ብርጭቆ ይገዛሉ፤ እኛ ድንኳን ስናሠራ እነሱ ድንኳናቸውን በጥብጣብ ያስጠልፋሉ። አሁን ደግሞ የእኛ እድር በፈተና የተመረጠ፣ ዲግሪ ያለው ሂሳብ ሹም ሊኖረው ነው።

«ያቺን ልጅ እኔ እወስዳታለሁ» አሉ።

ተከትለዋቸው የመጡት አቶ ፍሰሐ አሁንም ለሥርዓቱ ተሟገቱ። «ሁለተኛ የወጣ አለ እኮ። በውጤት ከሆነ እሱ ነው የሚቀድመው።»

«ውጤት አላየሁም። ለቅሶዋን አይቻለሁ። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ካለቀሰች፣ ለእኛ ሙታን ምን ልትሆን ነው? ሂሳብ የሚችል በየአጥሩ ሞልቷል፤ የሚያለቅስ ሂሳብ ሹም ግን አሰላ ውስጥ የለም።»

«ማኅተም አላችሁ?» አለች ኢፍቱ።

«ሁለት» አሉ እትዬ አሰፋች።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ኢፍቱን ለምን እንዳለቀሰች ጠየቅኳት። በመስኮት አይታኝ አልነበረም ወይ?

«አይቼዎታለሁ። እትዬ አሰፋች ሲሉት ግን እንደሌሉ አድርጌ አሰብኩዎት» አለችኝ። «ደግሞ ግድግዳው የጓሮ በኩል ድንጋይ አይደለም፣ ቲቸር። ጭቃ ነው።»

ኦቦ ሊበን ድንኳኑን ሊነቅሉ እየጠሩኝ ነበር። ባለፈው ጊዜ ሲነቀል ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ሳልሰማ ነው ያለቀው። ዛሬ ወጥቼ አንዱን ገመድ ያዝኩ። የረጠበ ሸራ ይከብዳል፤ አቶ ሀሰኖ በሌላኛው ጫፍ ያዙልኝ፤ ቢሊሱማም የሂሳብ ሹምነቱን የመጀመሪያ ሥራ ካስማ በመሰብሰብ ጀመረ።

በማግስቱ አንድ የሩቅ ዘመዴ ከጢቾ ለለቅሶ መጣ። በሩን ራሴ ስከፍትለት ደንግጦ ወደ ኋላ ሄደና የመጣበትን መንገድ እያሰበ ከፋው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጭቃውም ከባድ ነው። ንፍሮ ተርፎ ስለነበር ግባ፣ ተቀመጥ አልኩት።