የትራሱ ስፌት

…ደግሞ በጫማው፣ ትናንት ተኩሳ ባጣጠፈችው የደንበኛ መጋረጃ ላይ በጫማው፣ አደንዛዥ ዕፅ ነው የምንፈልገው ይበሉ እንጂ ፖሊሶቹ የፈለጉት እሷን ማዋረድ ነው፣ ሶፋው ተገልብጧል፣ የፍራሹ ሆድ ተዘርግፏል፣ ለምስክርነት የተጠራችው ጎረቤቷ በር ላይ ቆማ ዕቃዋን በዓይኗ ትቆጥራለች፣ ቁጠሪ፣ አንጀትሽ ቅቤ ይጠጣ።

ወንድሟ ጥግ ይዞ ዝም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ከጉሮሮዋ ነጥላ ያሳደገችው፣ ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ ዝም። ምነው እህቴን አታንገላቷት ቢል፣ ወንድ ተብሎ!

ቅድም ሃምሳ አለቃው መዝገቡን ዘርግቶ፣ ይሄን ሁሉ ማነው የሰፋው ሲላት፣ ደሟ ፈልቶ፣ እኔ ነኛ፣ እዚህ ቤት ያለ ስፌት ሁሉ የኔ እጅ ነው፣ ጻፈው! አለችው፣ ጻፈው። ደግ አደረገች፣ ሃያ ዓመት እግሯ እስኪያብጥ የስፌት መኪና የረገጠች ሴት በእጇ ሥራ ምን ታፍራለች፣ ይቅደደው፣ ትራሱንም ይቅደደው፣ ያንን…

ቆይ።

ያ ትራስ። የወንድሟ ትራስ። ክሬም ጨርቅ ላይ ነጭ ክር፣ እሷ ክሬም ላይ ነጭ ክር? ሞታ እንደሁ እንጂ። አንዱ ስፌት ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ጫፉ ላይ ድርብ ቋጠሮ፣ የክሩ ጭራ ሳይቆረጥ። ቋጠሮውን ታውቀዋለች፣ ራሷ ናት ያስተማረችው፣ ልጅ እያለ የሱሪው ቁልፍ ተበጥሶ ሲያለቅስ፣ አየህ፣ ሁለቴ ቋጥረህ ጭራውን ቁረጠው፣ መቁረጡን ሁልጊዜ ይረሳል።

ዕፁን እኔ ቤት ደብቀህ፣ አንተ ውሻ። ዝም ካለች የምትታሰረው እሷ ናት፣ በገዛ አፏ አስጽፋለች፣ ከተናገረች እሱ፣ እሱ ደግሞ ያውቅ ነበር፣ ጻፈው ስትል እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ እየሰማ ዝም አለ!

ሃምሳ አለቃው ትራሱን ጨበጥ ጨበጥ ያደርጋል፣ ምላጭ ያወጣል፣ ይሄም ያንቺ እጅ ነው አይደል?

እህትዓለም፣ ይላል ወንድሟ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉ፣ ልጅ ሆኖ እንደሚጠራት። አሁን አፍ አወጣህ።

አይደለም፣ ትላለች፣ እኔ እንዲህ አልሰፋም፣ ያንን ቃሌን ሰርዘው።

ጨርቁ ሲቀደድ አታይም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ጭራውን ቁረጥ ብዬህ ነበር፣ ስንቴ፣ ስንቴ ብዬህ ነበር